የድንቄ ይግባኝ

በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡ «ልምጣ ወይስ ልቅር» እያለ ሲያመነታ አንድ ድምፅ ይመጣብኛል። ጧ! አንዴ ብቻ። ሰኮና ድንጋይ ሲመታ የሚሰጠው ድምፅ ነው። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፤ ላም ደረጃ ወጥታ እዚህ ድረስ ትመጣለች ብዬ የማላስብ ጤነኛ ሰው ነኝ፣ ቢያንስ ጎረቤት ፊት። ግን ድምፁ ሲመጣ እጄን ከያዝኩት ነገር ላይ አነሳለሁ፤ ከፍሪጁ እጀታ፣ ከበሩ፣ ከደረጃው ብረት። ከዚያ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር፣ በእጄ ጀርባ ቀስ አድርጌ እነካዋለሁ። ባሌ ይኼን ባየ ቁጥር «ዛሬስ ፍሪጁን ምን አመመው?» ይለኛል። ፍሪጁ ደኅና ነው።

ያደግሁት ከዚህ ሕንፃ ብዙም ሳይርቅ፣ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ነው። ግቢያችን ከመጥበቧ የተነሳ ላማችን ዝንብ ለማባረር ጭራዋን ስታወናጭፍ በአንዱ ዙር የኛን መስኮት፣ በመልሱ የእትዬ ዘውዴን አጥር ትወለውል ነበር። አባቴ ጋሽ ታደሰ ፍርድ ቤት ተቀጥሮ፣ ችሎት በር ላይ እየቆመ የባለጉዳይ ስም የሚጠራ ሰው ነበር። ድምፁን ሲለቀው አብነት ሰፈር ድረስ ይሰማል፤ ስማቸው ያልተጠራ ሰዎች ሳይቀሩ ደንግጠው ይገቡ ነበር ይባላል። «እኔ ጠርቼው ሳይገባ የቀረ ሰው የለም» እያለ ይኮራል። ቤትም ሲመጣ ያንኑ ችሎት ይዞት ይመጣል፤ ለምሳ የምንጠራው «ባለጉዳዮች ግቡ!» ተብለን ነበር፣ ሳህን የሰበረ ይከሰሳል፣ ወጥ ያነሰው አቤቱታ ያቀርባል። እኔ ምላሴ ረጅም ስለነበር «ጠበቃ» የሚል ስም አውጥቶልኝ፣ ከሰፈሩ ልጆች እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር።

ላሚቱን ጊደር ሳለች ከሱሉልታ እየነዳ ያመጣት ቀን፣ ከመክሳቷ የተነሳ ጥላዋ ከራሷ ይወፍር ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ፣ በአጥር ላይ አንገታቸውን አስግገው የሰፈሩን ጓዳ ሁሉ የሚያውቁ ትልቅ ሴትዮ፣ ከቀንዷ እስከ ጭራዋ አዩዋትና «ድንቄም ላም!» አሉ። አባባ ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳና «ስም ስላወጡላት እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አላቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ድንቄ ሆነች። ወልዳ መታለብ ስትጀምር ወተቷ ሰፈሩን ሊያጥለቀልቅ ደረሰ፣ እኔ እንደማስታውሰው የጌጃ ሰፈር ድመቶች በሙሉ ወፍረው አጥር መዝለል ስላቃታቸው አንኳኩተው በበር ይገቡ ጀመር፤ እትዬ ዘውዴም ጣሳቸውን ይዘው ቀድመው እየመጡ «ድንቄስ እንዴት አደረች?» ማለት ለመዱ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲጠና የግቢያችን ሥራ ይጀመር ነበር። ኅዳር ላይ ድርቆሽ የጫነው መኪና መንገዱ ዳር ያራግፍልንና፣ በቅያሱ መግባት ስለማይችል በሸክም እያመላለስን፣ በረቱ ውስጥ ካለው ቆጥ ላይ እንከምረዋለን። አባባ እጁን እስከ ክርኑ እየከተተ ይዳስሳል፣ ያሸታል፣ የሻገተውን መዞ ይጥላል፤ «የሻገተ ድርቆሽ እንደ ሐሰት ምስክር ነው፣ ከላይ ሲያዩት ደኅና ይመስላል» ይል ነበር። እማዬ ለመኖዋ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በአተላ ትለውሳለች፤ እኔ ደግሞ መዥገር እለቅማለሁ። ድንቄ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትሰጠኛለች፣ እኔም እየለቀምኩ የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ እነግራታለሁ፤ በዚያ ሰፈር ያን ሁሉ ሰምታ ለማንም ያልተነፈሰች እሷ ብቻ ናት። በበኩሏ የምትናገረው አንድ ቃል ነበራት። የፊት ቀኝ እግሯን አንስታ ድንጋዩን ትመታለች፣ ጧ! ውኃ ጠማኝ ማለት ነው። ዝንብ አስቸገረኝ ማለት ነው። ወተቴ ሞልቷል፣ ምን ትጠብቃላችሁ ማለት ነው። ሰው በብዙ ቃል የሚያበላሸውን እሷ በአንዷ ትጨርሰው ነበር፤ እኛም ሁልጊዜ ይገባን ነበር።

በጋው አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጠዋት አባባ ሲያልብ ፋኖሱ ከተሰቀለበት ወድቆ ወለሉ ላይ የረገፈውን ድርቆሽ ለኮሰው። በካፖርቱ አፍኖ አጠፋው፣ የተቃጠለው የካፖርቱ ጫፍና የአባባ አንድ ቅንድብ ብቻ ነበር፣ ግን በጣም ደነገጠ። «ፋኖስ ከዛሬ ጀምሮ በረት እንዳይገባ ታግዷል!» ብሎ፣ ከማድቤት ሽቦ ስቦ፣ በቆርቆሮው ጠርዝ ሥር አሳልፎ፣ ድንቄ ራስጌ አምፖል ሰቀለላት። በእሳት እንዳትቃጠልበት ብሎ ነው። ሰፈሩ ለጉድ ተሰብስቦ መጣ፤ ላም በመብራት ስትመገብ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም።

«ታደሰ፣ ላሟ ማታ ማታ ልታጠና ነው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«አዎ እትዬ። የወሬውን ትምህርት እርስዎ ይሰጡልኛል።»

ግንቦት ልደታ አልፎ፣ በየደጁ የተቀቀለው ንፍሮ ተበልቶ ሲያልቅ፣ የክረምት ዝግጅቱ ይመጣ ነበር። አባባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የላላውን ቆርቆሮ ይመታል፣ እማዬ ቦዩን ትጠርጋለች፣ እኔ ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ድንጋይ በመጥረጊያ እፈትጋለሁ። በዚያ ዓመት የበረቱን ባህር ዛፍ ቋሚ ምስጥ ጨርሶት ስለነበር፣ አባባ ከየት እንዳገኘው ሳይናገር አንድ የድሮ ሐዲድ ቁራጭ በጋሪ አምጥቶ ተከለው፣ ቆርቆሮውንም ከሱ ጋር አሰረው። «ይኼን ምስጥ አይበላውም፣ ዝናብ አያበሰብሰው» እያለ የብረቱን ወገብ ቸብ ያደርገዋል። እማዬ «አንድ ቀን ባቡሩ ፍለጋ ይመጣል» ትለው ነበር። ባቡሩ አልመጣም።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ያዘና አልለቅ አለ፣ ድንቄም በረት አልገባም አለች። አንድ ምሽት በሩ ላይ ስትደርስ የፊት እግሮቿን ተከለች፣ አፍንጫዋን ወደ ወለሉ ሰደደች፣ ቆዳዋ ከትከሻዋ እስከ ታፋዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመለሰች። በማግስቱም እንደዚያው። ፋጉሎ ከውስጥ አስቀምጠን ብንጠራትም፣ አንገቷን እንደ ቀጭኔ አስረዝማ ከደጅ ሆና ለመላስ ትሞክራለች እንጂ ሰኮናዋን አታሳልፍም። ሦስተኛ ጥጃዋን አርግዛ ነበር፤ በሌሊቱ ዝናብ ቆማ ታድርና ጠዋት ከጀርባዋ እንፋሎት እንደ ፈላ ጋን ሲወጣ እናያለን።

አባባ የጎማ ቦቲውን እንደተጫማ ገባ፣ ዞረ፣ ብረቱን በመዳፉ መታ፤ «ይኸው! ምንም የለበትም!» አላት። እማዬ በኮንጎ ጫማዋ ገብታ ድንጋዩን አየች። እኔም ገብቼ ጨፈርኩበት። ምንም የለም። ክረምት ሲሆን ሰፈራችን ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ለጭቃው ጎማና ፕላስቲክ ይጫማ ነበር። በግቢያችን ባዶ እግሯን የምትሄደው ድንቄ ብቻ ነበረች።

ሐምሌ ላይ አንድ እሑድ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ፣ አባባ የእማዬን ጥቁር ሻል ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ ግቢው መሐል በርጩማ ላይ ተቀመጠና ችሎት ሰየመ። ቅያሱ በሙሉ ገብቶ ግቢው ሞላ። «ተከሳሽ ድንቄ!» ብሎ ሲጣራ ድንቄ አመነዠከች።

እትዬ ዘውዴ ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። «ክቡር ዳኛ፣ እኛ ሰው የሆንነው ጣሪያችን እያፈሰሰ፣ ይቺ ላም የብረት ቋሚ ያለው፣ መብራት የገባለት ቤት ተሰጥቷት አልገባም አለች። ይኼ በሽታ አይደለም፣ ጥጋብ ነው!»

«ጠበቃ፣ መልስ አለሽ?»

ተነሳሁ። «ክቡር ዳኛ፣ ደንበኛዬ ውኃ በቧንቧ ስላልገባላት ገላዋን ልትታጠብ ብላ እንጂ…» ሰዉ ሳቀ። ያኔ ድንቄ እግሯን አንስታ ከሥሯ የነበረውን ድንጋይ መታች፣ ጧ!

«ተከሳሽ ምን አለች?»

«ይግባኝ ትላለች፣ ክቡር ዳኛ።»

በሳቅ ሞትን። እትዬ ዘውዴ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ፣ አባባ ከበርጩማው ሊወድቅ ደረሰ። «እንግዲያው» አለ እንባውን እየጠረገ፣ «ይግባኟ ተሰምቷል፤ ትግባልኝ!» ለዓመታት ይኼን ቀልድ ጌጃ ሰፈር ሲያወራው ኖሯል። እኔም ሰው ላስቅበት ሞክሬ አውቃለሁ፤ መሐሉ ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። እሷ አልገባም ትላለች፤ ያልገባን እኛ ነበርን።

ነሐሴ ላይ ሳል ጀመራት። ሆዷ ጎንና ጎኗን ገፍቶ ወጥቶ፣ በሳለች ቁጥር ጥጃው ከውስጥ ሲገላበጥ በዓይን ይታይ ነበር። ጽንሱ እንዳይወርዳት እማዬ እንቅልፍ አጣች። «ዓይን ነው» አለች በመጨረሻ። «ያ ሁሉ ሰው አምፖሏን ሊያይ ሲመጣ፣ ማን በምን ዓይን እንዳያት ምን ይታወቃል?»

እትዬ ዘውዴ ነገሩ ወደሳቸው እንዳይዞር ፈጥነው «የለም፣ የለም፣ የበረቱ ነገር ነው። የተቀመጠበት አለ» አሉ።

እማዬ ልደታ ሄዳ ጠበል አመጣች። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እንደማይፈለግ እንግዳ በበሩ ብቅ ብላለች። ደጁ ላይ ቆማ በረቱን እስከ ጥጉ፣ ድንጋዩን፣ ቆርቆሮውን፣ ብረቱን አንድ በአንድ ረጨችና ወደ አባባ እግር ስታይ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ። «አንተ ሰውዬ፣ ጠበል በተረጨበት በቦቲ ልትገባ ነው? አውልቅ እንጂ!» አባባ የችሎት ሰው ነው፣ ሥርዓት ያውቃል። አወለቀ።

የድንቄን ገመድ በግራ አንጓው ላይ ጠመጠመ። እትዬ ዘውዴና እኔ ከኋላዋ ሆነን ታፋዋን እንገፋለን፤ እማዬ በጎን ጠርሙሱን ይዛ ቆማለች። አባባ ፊቱን ወደ ላሟ አድርጎ፣ ባዶ እግሩን ወደ ኋላ እየረገጠ ገባ፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ ቆመ፣ እንዲጎትት ጉልበት ይሆነው ዘንድ ቀኝ እጁን ወደ ብረቱ ሰደደ። ያዘው። ከዚያ አልለቀቀውም።

ቀጥ አለ። አፉ ተከፍቶ ቀረ፣ የወጣው ድምፅ ግን የሱ አልነበረም፤ ያ አብነት የሚደርስ ድምፅ ጠፍቶ፣ ከጥርሶቹ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ «እእእእእ» ሆነ። አባባ ማስመሰል ስለሚወድ ቀልድ መስሎኝ ሳቄ መጣ፣ ዓይኑን ሳይ ግን እጄን ከድንቄ ታፋ ላይ አነሳሁ።

«ያዘው! ለፈለፈ!» ጮኹ እትዬ ዘውዴ። «ጠይቂው፣ አትልቀቂው፣ ስሙን ጠይቂው!»

እማዬ የቀረውን ጠበል ከደጅ ሆና ደረቱ ላይ ደፋችበት። «ማነህ? ተናገር! ስምህ ማነው? ከየት መጣህ?» ትላለች፣ በጠየቀችው ቁጥር አባባ የባሰ ይንቀጠቀጣል፣ በተንቀጠቀጠ ቁጥር እሷ መልስ ሊሰጣት ነው ብላ ትጠጋዋለች። እጇን ዘርግታ ልትይዘው አንድ ክንድ ሲቀራት፣ ድንቄ ወደ ኋላ ዘለለች። ያን ያህል ሆድ ይዛ፣ ያን ያህል እያሳላት፣ በአራት እግሯ ከመሬት ተነሳች ብል የተጋነነ አይደለም፤ ሌላው ሁሉ ተጋንኖ ሊሆን ይችላል፣ ይኼ ግን አይደለም። እትዬ ዘውዴን ቦዩ ውስጥ ጣለቻቸው፣ እኔን አጥሩ ላይ ለጠፈችኝ፣ አባባን በአንጓው ላይ በተጠመጠመው ገመድ ከብረቱ ነቅላ፣ በደረቱ እየጎተተች፣ ጭቃው መሐል አወጣችው።

እማዬ አጠገቡ ተንበረከከች። አሁንም «ስምህ ማነው?» ትላለች።

አባባ አንድ ዓይኑን ገለጠ። «ኮረንቲ» አላት።

እትዬ ዘውዴ ከቦዩ ቀና ብለው፣ «ኮረንቲ? እንዲህ የሚባል አላውቅም፣ የየት አገር ነው እሱ?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ድንቄ አባባ ላይ ቆማ ከላይ ቁልቁል ታየው ነበር፤ ትንፋሿ ፊቱ ላይ ይወርዳል። እግሯን አነሳች፣ ከጆሮው አጠገብ ጭቃውን መታች። ጭቃ ስለነበር ድምፅ አልነበረውም።

ኋላ ሲታይ፣ ነፋስ ባንቀጠቀጠው ቁጥር የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ መጋዝ የሽቦውን ልባስ በልቶ ጨርሶት ኖሯል። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው፣ ብረቱ፣ እርጥቡ ድንጋይ ሁሉ አንድ ይሆኑና ኮረንቲው በሁሉም ይሄዳል። አባባ የቀኝ እጁ ጣቶች እንደተቆለመሙ ቀርተው፣ ሁለተኛ አላለበም። ከአልጋው ሊነሳ በቻለ ቀን ሽቦውን ከሥሩ ነቀለው፣ አምፖሉን አወረደ፣ ብረቱን አስቆፍሮ አስወጣና በእንጨት ተካው። «ምስክር ሆና መጣች» ይላል ደጋግሞ። «ያየሁትን ልንገራችሁ ብላ መጣች፤ እኛ ተከሳሽ አደረግናት።» እማዬ ደግሞ ልደታ ሄዳ አልቅሳ ተመለሰች፤ «ጠበሉ ምን አደረገ፣ መስማት ያቃተን እኛ» አለች።

ድንቄ መስከረም ላይ፣ በቤታችን ግድግዳ ተደግፎ በተወጠረ ሸራ ሥር ሴት ጥጃ ወለደች። አባባ ስሟን ይግባኝ አላት። ይግባኝ ከአተር የቀለለች ነገር ነበረች፤ በሳምንቷ ዘላ በረት ገብታ ደረቁ ድንጋይ ላይ ተጋደመች፣ ምንም አልሆነችም። ድንቄ ግን ደጁ ላይ ቆማ ጧ! ጧ! ጧ! እያደረገች ጥጃዋ እስክትወጣላት ድረስ አታርፍም ነበር። አባባ ወለሉን ገልብጦ በአዲስ ድንጋይ አነጠፈው፣ ገለባ ጎዘጎዘላት፣ በባዶ እግሩ ገብቶ በዚያ በተቆለመመ እጁ ቋሚውን ይዞ አሳያት። አየችው። አልገባችም።

በሚቀጥለው ክረምት ሳሉ ተመለሰ። ሸራው ያፈሳል፣ ነፋስ ያነሳዋል፣ ግቢው ሌላ ቤት የሚሠራበት ቦታ የለውም። የከብት ሐኪም መጥቶ ጎኗን በጆሮው አዳመጠና «ሳንባዋ ነው፤ ደረቅ ቦታ ካላደረች አትተርፍም» ብሎ ሄደ። እማዬ አንድ ምሽት ዝናቡ ሲወርድ ገመዱን ይዛ መጣች።

«ተነስ፣ እንግፋት። አሁንኮ ምንም የለበትም!»

አባባ ገመዱን አየው። «እሱን ያኔም ብያታለሁ» አለ።

«ታደሰ፣ ትሞታለች!»

«አልገፋትም።»

እማዬ ብቻዋን ሞከረች፤ ላሟ አልተነቃነቀችም፣ እማዬም ግንባሯን ታፋዋ ላይ አሳርፋ ቆየች። ድንቄ የሞተችው ፍልሰታ ሳይፈታ ነው፣ ጠዋት ስንወጣ በረቱ ደጅ ላይ ተጋድማ አገኘናት፤ ጭንቅላቷ ደረቁ ድንጋይ ላይ ገብቷል፣ ሰኮናዎቿ አራቱም ውጪ ናቸው። በመጨረሻ ልትገባ ፈልጋ ይሁን ወይስ ስትወድቅ እንዲያ ሆና፣ አባባ ሁለቱንም እያነሳ እየጣለ ዕድሜውን ጨረሰ። ይግባኝን ለሚያውቀው ሰው ሰጣት። ፍርድ ቤትም ስም መጥራቱን ትቶ ሌላ ሥራ ያዘ፤ ቤትም «ባለጉዳዮች ግቡ!» ቀረ። ምሳ ሲደርስ በዝግታ «ከፈለጋችሁ ቀርቧል» ይለን ነበር። በርም ሲከፍት መጀመሪያ በእጁ ጀርባ ይነካዋል።

አባባም እማዬም አለፉ፣ ሰፈሩም ፈርሶ ግቢያችን ከየት እስከ የት እንደነበረ የሚያሳይ አንድ ድንጋይ አልቀረም። ከበረት ጋር ጉዳይ የለኝም ብዬ አራተኛ ፎቅ ላይ እየኖርኩ ሳለ፣ ባለፈው ጳጉሜ የመጨረሻው ዝናብ ሲወርድ፣ ሁለት የሕንፃችን ልጆች ለበዓል የተገዛ በግ ደረጃው ሥር፣ የመብራት ቆጣሪዎቹ ካሉበት ጥግ ሊያስሩ ሲታገሉ ደረስኩ። በጉ የፊት እግሮቹን ተክሏል። አፍንጫውን ወደ እርጥቡ ወለል ሰድዷል።

«ጀለሴ፣ ከኋላ ግፋው!»

«ተዉት!» አልኩ። ድምፄ እስከ አብነት ሳይሰማ አይቀርም፤ የት ከርሞ እንደመጣ አላውቅም።

«ማዘር፣ ምን ሆኑ? በግ ነውኮ!»

«ለምን አልገባም እንዳለ ጠይቃችሁታል?»

ተያዩና ሳቁ። አንደኛው «ምነው፣ የበጉ ጠበቃ ነዎት እንዴ?» አለኝ። በዚያ ስም የጠራኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመኑ ነው።

ገባሁና የደረጃውን ብረት በእጄ ጀርባ ነካሁት። ቀዝቃዛ ብረት ነው፣ ሌላ ምንም። ቆጣሪዎቹ የተሰቀሉበትን የብረት ሣጥን ነካሁት። ምንም። «ምንም የለበትም» ልላቸው አፌን ከፍቼ፣ ዝቅ ብዬ እግሬን አየሁ። የላስቲክ ነጠላ ጫማ ተጫምቻለሁ።

ያኔ አንድ ፍጥረት አልገባም ሲል እንገፋ ነበር፣ እየሳቅን። ዛሬ አልገፋም፣ ግን ከአባባ የተሻለ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ስትገፋም ሳትገፋም የሆነውን ያየች አንዲት ላም ነበረች፣ እሷን አሁን መጠየቅ አይቻልም። ልጆቹ በጉን ከሕንፃችን ሥር ባለው ካፌ በረንዳ ላይ እስኪያስጠጉት ድረስ ጃንጥላዬን ዘርግቼለት አብሬው ዝናቡ ውስጥ ቆምኩ። እሱም ቀና ብሎ አየኝና የፊት እግሩን አነሳ። ጆሮዬን ዘንበል አድርጌ ጠበቅሁት።